ወንዙ ሁለት የሆነበት ካርታ

ግንቦት 5
ከመዝገብ ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ተዛወርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአቧራና ከፋይል ጋር ኖሬ ዛሬ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቴ ዞርኩበት፣ ሰው ሳያየኝ።

ካርታ ይሠራ የነበረው ባለሙያ ሌላ መሥሪያ ቤት አግኝቶ ሄዷል። አለቃው ጠራኝና "ምትክ እስኪቀጠር ፕሮግራሙን አንቺ ያዢው" አለኝ። ለምን እኔ? "ወረቀት የማይጠፋብሽ አንቺ ብቻ ነሽ።" ሙገሳ ይሁን ቅጣት... አልለየሁትም።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። "እትዬ፣ ኮምፒውተሩን እንዳትሰብሪው ብቻ!" ብላ ሳቀች። ባሏ አናጺው ከቤታቸው ጎን አንድ ክፍል እየጨመረ ነው። በስልኩ ውስጥ መዶሻው ይሰማል።

ግንቦት 7
ሥልጠና ተጀመረ። አሰልጣኟ ለሁለት ሳምንት የመጣች ልጅ እግር ናት። ወልጄ ቢሆን ኖሮ እሷን የምታክል ልጅ ትኖረኝ ነበር።

ጂ.አይ.ኤስ. ይሉታል። ካርታ ብቻ አይደለም አለች። እያንዳንዱ ቤት ነጥብ ነው፤ ነጥቡን ሲነኩት ከጀርባው ሠንጠረዥ ይወጣል። የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ። ወንዙ ለብቻው፣ መንገዱ ለብቻው፣ ቤቶቹም ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። "ሌየር" ነው ስማቸው። ስስ ወረቀት ላይ ስሎ አንዱን ባንዱ ላይ እንደመደረብ። ይሄስ ገባኝ።

ያልገባኝ ማውዙ ነው። ወንዙን ልነካ ስል ትምህርት ቤቱን ጎትቼ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ክው አልኩ። አሰልጣኟ ተንከትክታ ሳቀች። "አይዞዎት እትዬ፣ አልሰጠመም። ኮንትሮል ዜድ ይጫኑ፣ ይመለሳል።"

ተመለሰ። ምነው ለሰውም እንዲህ ያለ ቁልፍ በኖረ!

ግንቦት 8
እጄ ደነዘዘ። አንዲት አጭር መንገድ ለመሳል ግማሽ ቀን ፈጀሁ።

ግንቦት 11
የመጀመሪያ እውነተኛ ሥራ። የጎርፍ ሥራ።

ጥናቱ እንደሚለው ዘንድሮ ወንዙ ከወትሮው በላይ ይሞላል። ውኃው ይደርስባቸዋል የተባሉ ሰዎች ከሰኔ አጋማሽ በፊት ተነሥተው ኮረብታው ላይ ቦታ ይሰጣቸዋል። የሄደው ባለሙያ የሚነሡትን ቤቶች ዝርዝር ጨርሶ ነው የሄደው። ሃምሳ ስምንት ቤት፣ ሁሉም ከወንዙ ወዲህ፣ በገበያው በኩል። ከወንዙ ወዲያ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ አንድም የለም።

የኔ ድርሻ ማተም ብቻ ነበር። አተምኩ። አለቃው ፈረመ፤ ማህተም አደረገበት።

እህቴ ያለችው በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው። ወዲያው ደወልኩላት።
"እውነት? እኔን ሙቺ በይ?"
"ሙቺ! ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው፤ የላችሁበትም።"
"እሰይ! እኔማ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።" ባሏን ስትጣራ ሰማሁ። "ሰማህ? ደህና ነን! እትዬ ናት ያለችው!"

ግንቦት 13
ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሰው ተደራርቦ ያነባል። የኔ መስኮት ከሰሌዳው በላይ ነው። ጫጫታው ይመጣል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ነው የሚያስጠላው።

ግንቦት 18
የሥልጠናው መጨረሻ ቀን። ኢንተርኔቱ እንደምንም ነፍስ ዘራና አሰልጣኟ አዲስ ነገር አሳየችኝ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ከሌየሮቹ ሥር መዘርጋት። ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የቆመ መኪና ሳይቀር ይታያል። የቤቶቹ ነጥቦች ጣሪያዎቹ ላይ ልክክ አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ የጎርፉን ሌየር ከፈትኩ።

ወንዙ ሁለት ሆነ።

አንዱ የፎቶው ወንዝ፣ ቡናማው። ሌላው የጎርፉ ካርታ ላይ የተሳለው፣ ሰማያዊው። ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም።
"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።
"ፎቶ ትንሽ ይዛነፋል እትዬ። አምስት፣ አሥር ሜትር..." እያለች ለካችው። ሁለት መቶ ሃያ ሜትር። እንደገና ለካች። ፈገግታዋ ጠፋ።
"የጎርፉ መስመር ከምን ተነሥቶ ነው የተሳለው?"
"ከአሮጌ የወረቀት ካርታ ነው መሰለኝ።"
"ወረቀቱን ይፈልጉት። ዛሬ ነገ አይበሉ።"

የሚወስዳት መኪና ታች ጥሩንባውን ያስጮኻል። ስልክ ቁጥሯን መዳፌ ላይ ጽፋልኝ ወረደች።

ግንቦት 19
መዝገብ ቤት ወረድኩ። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ካርታው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጠርዙ ተበልቷል። የጎርፉን መስመር በጣቴ ተከተልኩ። ወረቀቱ ላይ ወፍጮ ቤቱ ጎርፉ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ከጎርፉ ውጭ። ወረቀቱ ላይ የገበያው ወገን ደረቅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ...

የእህቴ ቤት ከወፍጮ ቤቱ አራት ቤት ወደ ታች ነው።



ግንቦት 20
ለአሰልጣኟ ደወልኩ። ከወረቀቱ ጥግ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብኩላት። "ይኸው! እሱ ነው!" አለች።

እንደገባኝ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። ድሮ መሬት ሲለካ መነሻው አንድ ነበር፤ ዛሬ ጂፒኤስ የሚነሣው ከሌላ ነው። ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ የሚያሳዩት ቦታ ግን ይለያያል። የሄደው ባለሙያ የድሮውን ቁጥር አስገብቶ ለፕሮግራሙ "የዛሬ ነው" አለው። ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? የተነገረውን አመነ። እኔ ፕሮግራሙን አመንኩ። እህቴ እኔን።

በስልክ እየመራችኝ... የሌየሩን ስም በቀኝ ጠቅ። መነሻውን መለወጥ። የድሮውን መምረጥ። እሺ።

መስመሩ ዘሎ ወንዙ ላይ ዐረፈ። አንድ ወንዝ።

ፕሮግራሙን ቤቶቹን እንደገና አስቆጠርኩት። አርባ ሦስት ቤት፣ ሁሉም በወፍጮ ቤቱ በኩል። ከሃምሳ ስምንቱ አንድም የለበትም። ሠላሳ አንደኛው ተራ ላይ የወጣው አባወራ የእህቴ ባል ነው።

ተሳስቼ ይሆን? ማውዝ ከያዝኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ምናለ በተሳሳትኩ...

ግንቦት 21
አለቃው ጋ ገባሁ። አሮጌውን ካርታና አዲሱን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አወለቀ።

"ማውዝ ከያዝሽ ስንት ቀንሽ ነው?"
"አሥራ አራት።"
"የሄደው ባለሙያ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል።"
"ወረቀቱ ግን..."
"ሰዉ ጣሪያውን እያፈረሰ ነው! ቦታ ተከፋፍሏል፤ ፈርሜበታለሁ። አሁን ወጥቼ ምን ልበል? በስህተት ነው ልበል?"
"አዎ።" ከአፌ አመለጠኝ።

ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። "ይሄ የእህትሽ ባል አይደለም?"
"ነው።"
"ኮረብታው ላይ ያለው ቦታ ሸጋ ነው ይላሉ..."

ደሜ ፈላ። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለእህቴ ቦታ ላስገኝ ወንዝ አንቀሳቀስኩ! እንዲህ ተባልኩ እንግዲህ።

ግንቦት 23
እህቴ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ክፍል ገና እንጨት እንጨት ይሸታል። እያዞረች አሳየችኝ። አልጋው እዚህ፣ መደርደሪያው እዚያ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

"መነሣት አለባችሁ" አልኳት። እንዴት ተብሎ በዘዴ ይነገራል?

ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ ፊቴን አየችው። "ደህና ናችሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ውጡ የምትዪኝም አንቺ። የቷን እትዬ ልመን?"
"የዛሬዋን።"
"የዛሬ ሳምንትስ ምን ልትይ ነው?"

ባሏ ከመሰላሉ ላይ ሳይወርድ፣ "ደህና ናችሁ የተባልነው በማህተም ነው። ውጡም በማህተም ይምጣ" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ እንደ ሁልጊዜው እስከ ድልድዩ ሸኘችኝ። ክንዴን ግን አልያዘችም።

ግንቦት 25
ጋሼ ሜትሬ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ ናቸው። ከሜትር ሌላ ወሬ ስለማያውቁ ነው ስሙ የወጣላቸው። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አላቋረጡኝም።

"ከአለቃሽ ጋር አትጨቃጨቂ፣ ልጄ። ድንጋዩን እናምጣለት።"
"የምን ድንጋይ?"
"ተሸክመን አይደለም እንዴ! ለክተን።"

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የድሮ ቀያሾች የተከሉት የልኬት ድንጋይ አለ። አሮጌው ካርታ ላይ ቁጥሩ በግልጽ ተጽፏል። የቢሮውን ጂፒኤስ አምጥቼ አብረን ሄድን። ሣሩን በማጭድ አጸዱት፤ አናቱ ላይ ያለችው የመዳብ ምልክት ብቅ አለች። ጂፒኤሱን አስቀመጥኩባት። ጠበቅን። ደመናው ወፍሯል፤ መሣሪያው ያቅማማል። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ።

ከወረቀቱ ጋር አይገናኝም። ወደ ምሥራቅ ዘጠና ሁለት ሜትር፣ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ አምስት፤ በሰያፍ ሲለካ ሁለት መቶ ሃያ ምናምን። ኮምፒውተሩ ላይ ያየሁት ልዩነት ራሱ!

ጋሼ ሜትሬ መዳቧን በጣታቸው ዳሰሱ። "ይህን ድንጋይ ስተክል ጸጉሬ ጥቁር ነበር" አሉ። ከዚያ ሁለቱንም ቁጥር በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው ጽፈው ፈረሙበት። ትክክል ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር?

ግንቦት 27
የጋሼ ሜትሬን ወረቀት ለአለቃው ሰጠሁት። "አስቀምጪው" አለ፣ ቀና ሳይል። አስቀመጥኩለት።

ግንቦት 29
በገበያው በኩል አለፍኩ። ቆርቆሮ ሲነቀል ሚስማሩ ይጮኻል። ከዚህም ቤት ከዚያም ቤት። አንድ አባወራ አጥር ላይ ሆኖ አየኝ። "መሐንዲሷ! ይኸው፣ እንደታዘዝነው!"
መሐንዲሷ...
"ትንሽ ቆዩ" አልኩት።
"ሰኔ ሊገባ ነው እኮ! እስከ መቼ እንቆያለን?"
እሱ ትክክል ነው። እኔ ያለ አለቃው ቃል ምን ብዬ ላስቁመው? ፈሪ። ፈሪ ነኝ።

ግንቦት 30
ጠዋት አለቃውን ጠየቅሁት። "እያየሁት ነው።" ከሰዓት ጠየቅሁት። "አትነዝንዢኝ።"

ሰኔ 2
ከላይ በኩል ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል አሉ። የወንዙ ቀለም ተለውጧል።

ሰኔ 3
ፈቃድ አልጠየቅሁም። አርባ ሦስት ደብዳቤ አተምኩ። ፊርማ የለው፣ ማህተም የለው። ጋሼ ሜትሬ ጃንጥላቸውን ይዘው ታች ጠበቁኝ። ድልድዩን ተሻገርን።

በየቤቱ ያው ጥያቄ ነው። "ማህተሙስ?" አንዷ ደብዳቤውን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች። አንዱ፣ "ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?" አለኝ። "ከመዝገብ ቤት" ከማለቴ ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሼ ሜትሬ ስለ ድንጋዩ ሊያስረዱ ሞከሩ። ስለ ድንጋይ ማን ይሰማል? ካፊያው ጀመረ። አሥራ ሰባተኛው ቤት ስንደርስ ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና በድልድዩ መጣ። አበቃልኝ አልኩ።

አለቃው ወረደ። ቦቲ ጫማ አድርጓል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።
"ስንት ቀረሽ?"
"ሃያ ስድስት። ያመነኝ ግን የለም።"

ከካፖርቱ ኪስ ማህተሙን አወጣ። ደብዳቤዎቹን ተቀበለኝና መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋቸው። ጋሼ ሜትሬ ጃንጥላውን ያዙለት። እየፈረመ፣ እየመታ፣ "ድንጋዩ ጋ ነበርኩ" አለ፤ ወደኔ አላየም። "ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሦስቴም ያው ነው።" አንድ መታ። ሌላ መታ። "ስለ እህትሽ ያልኩት..." አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም። ጊዜ አልነበረም።

ከመጀመሪያው ቤት እንደገና ጀመርን። አሁን የሚስቅ የለም።

የእህቴ ባል ማህተሙን በአውራ ጣቱ አሸው፤ ቀለሙ ለቀቀበት። ጣቱን አየው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ፍራሹን ይዞ ወጣ።

ሰኔ 4
የከተማው የጭነት መኪናዎች ከጠዋት እስከ ማታ ተመላለሱ። አለቃው የገበያውን ዝርዝር ራሱ ከሰሌዳው ነቀለው። ግን ከሃምሳ ስምንቱ ሠላሳ ዘጠኙ ቤት ፈርሷል። ሠላሳ ዘጠኝ!

ሰኔ 5
በአጭሩ ልጻፈው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ከባድ መኪና የሚመጣ ይመስላል። ሁሉም ሰው ኮረብታው ላይ ነው። ዝርዝሩን ይዤ አባወራ እቆጥራለሁ። አርባ ሁለት። እንደገና። አርባ ሁለት። ቀና ስል እህቴ አመድ መስላ ቆማለች።

"የመሣሪያ ሣጥኔን ላምጣ ብሎ ሄደ። ቅድም ነው... ትንሽ ቅድም..."

ታች ውኃው አጥሮቹን አንድ በአንድ ያጎነብሳቸዋል። የአዲሱ ክፍል ጣሪያ ተነሣ፣ እንደ ክዳን። እህቴ ለቤቱ አላለቀሰችም። አላየችውም።

"የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ የድንጋይ ነው" አሉ ጋሼ ሜትሬ። "ብልህ ከሆነ እዚያ ወጥቷል።" ብልህ ነው? አናጺ ነው፣ ግድግዳ ያውቃል... አየነው! ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሆዱ ተኝቷል። አንድ እጁ ጣሪያውን ይዟል፣ አንዱ ሣጥኑን። እህቴ ክንዴ ላይ ጥፍሯን ቀበረችው። "ጣለው! ጣለው በይው እትዬ!" ማን ይሰማታል?

ሾፌሮቹ የጭነት ገመዶቻቸውን ቀጣጠሉ። ሁለቱ ከላይ በኩል ገብተው ውኃው ወደሱ ወሰዳቸው። አለቃው የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ውኃ ውስጥ ቆመ። አንድ ሰዓት ከምናምን። ሲጎትቱት የወፍጮ ቤቱ አንድ ጎን ተደረመሰ። ሣጥኑን ያኔ ለቀቀው።

ትከሻው ወልቋል። በሕይወት አለ። ሲያወጡት መጀመሪያ ያለው፣ "መጋዜ..." ነው። እህቴ በጥፊ አጮለችውና አቀፈችው።

አርባ ሦስት። ምልክት አደረግሁ።

ሰኔ 6
ወንዙ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ካርታው ያለው ቦታ ላይ ቆመ። መስመሩን አንድ ቤት እንኳን አልዘለለም።

ሰኔ 9
እህቴና ባሏ ከኔ ጋር ናቸው፣ በአንዷ ክፍሌ። እሱ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይርዳል። እህቴ ዛሬ ጸጉሬን እየሠራችልኝ፣ "ከእንግዲህ 'ደህና ነን ወይ' ብዬ አልጠይቅሽም" አለችኝ።
"እና?"
"ካርታውን አሳዪኝ ነው የምልሽ።"
ሳቅን። ከስንት ቀን በኋላ...

ሰኔ 14
አለቃው ሪፖርቱን ጽፎ አሳየኝ። "በእኔ ፊርማ የተፈጸመ ስህተት" ይላል። ባለሙያውንም አላነሣ፣ እኔንም አላነሣ። "ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ይግባበት" አልኩት። ትንሽ አየኝና ጨመረው።

ለሠላሳ ዘጠኙ ቤቶች የግንባታ ዕቃ ሊሰጣቸው ነው። እያንዳንዱ የት ቆሞ እንደነበር፣ ስፋቱ፣ ግድግዳው መመዝገብ አለበት። ሠራተኛ በመኪና ልኮ በጅምላ ለማስመዝገብ ነበር ሐሳቡ። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ቤት ለቤት።

ሰኔ 17
በገበያው በኩል ጀመርኩ። ሰማዩ ጠርቷል። ወንዙ እዚህ ጫፍ አልደረሰም፤ አፈሩ እንኳን በወጉ አልራሰም። በደረቅ መሬት ላይ የፈረሰ ቤት ማየት... እኔ ባተምኩት ወረቀት።

የመጀመሪያዋ ልብስ ሰፊ ናት። ዕቃዋ በላስቲክ ተሸፍኖ ተከምሯል፤ የስፌት መኪናዋ ከላይ። የወለሏን አፈር ጠርጋዋለች። ቤት የሌለው ወለል።

"አንቺ ነሽ ዝርዝሩን ያወጣሽው?"
"ያተምኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ።"

ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ስለ ድሮው መነሻና ስለ ዛሬው፣ ስለ ሁለት መቶ ሃያ ሜትር። መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ፊቷን ሳይ ሁሉንም ተውኩት። "ይቅርታ" አልኳት።

ጂፒኤሱን ይዤ ወደ ወለሉ መሐል ልራመድ ስል፣ "በዚያ አይደለም" አለችኝ። "እዚያ ጋ ግድግዳ ነው።"

ግድግዳ የለም። አፈሩ ላይ አንድ ጭረት ብቻ።

"በሩ በወዲህ ነው።"

ዞርኩ። ጫማዬን ጠረግሁ። በበሩ ገባሁ።